የክብሪት ቀፎ

ከሐረጎ ቁልቁል ጉሙ ሲንሸራተት፣
ቦርከናን ተሻግሮ ቆዳው ሲሸት በጧት፣
ጋሽ አራጋው መጡ፣ የመጋዘን ዘበኛ፣
ካፖርታቸው ሰፊ፣ ዓይናቸው የማይተኛ።
ከኪሳቸው ወጣ አንድ የክብሪት ቀፎ፣
በላስቲክ ታስሮ፣ በጋዜጣ ታቅፎ።

«የዳኛው ነው፣ እታለም» አሉ ድምፅ ቀንሰው፤
«ጎኑ ይቆጠራል እንደ ተራበ ሰው።
ኮሶ አጠጣሁት፣ ነጭ ሽንኩርት ወቅጬ፤
ጎረቤት ‹ቡዳ ነው› ሲል ዝም አልኩ ከንፈር መጥጬ።
የትኛው ቡዳ ነው በዘበኛ ውሻ
ዓይኑን የሚጥለው፣ አጥቶ ሌላ ጉርሻ?»

ቀፎውን ስከፍት ፊቴን አላዞርኩም፤
ሃያ ዓመት ስሠራ ሽታ አልተጸየፍኩም።
ሰው የጨነቀውን «ሆድ ይፍጀው» ይለዋል፤
ሆድ ምን ሊፈጅ ኖሯል? በማግስቱ ያወጣዋል።

መሥሪያ ቤት ስኳር የለም፤ ጥያቄው ፊርማ ይጠብቃል፤
ከሸማቾች ተሰልፌ ያገኘሁት ኪሎ ይበቃል።
ባሌ ሻዩን ይቀምስና «ምነው?» ብሎ ያየኛል።
ይህችንስ ሆድ ይፍጃት።

ስኳሩን በሙቅ ውሃ እስኪወፍር በጥብጬ፣
ከቀፎው ቁንጥር ያህል፣ እርጥቡን መርጬ፣
በሻሽ አጥልዬ፣ ቱቦውን እስካፉ ሞልቼ፣
ስስ መስታወት ከድኜ፣ ዐሥር ደቂቃ ትቼ፣
እጠብቃለሁ።
ከባዱ ይሰምጣል፣ ቀሊሉ ይንሳፈፋል፤
እኔ ስለ ትል ነው የማወራው፤ ስለ ከተማው ሌላ ይጽፋል።

ማክሰኞ፣ ምንም።
ያልተፈጨ ሣር፣ አንድ ፀጉር፣ ክብ የአየር አረፋ።
«የለበትም» ብዬ ብፈርም ማንም አይጠይቀኝም፤
ግን ባዶ መስታወት ባዶ ሆድ አይደለም።
«ነገም ያምጡ፣ ከነገ ወዲያም፤ ትል በየቀኑ አይጥልም።»
ጋሽ አራጋው ሳቁ፦ «የኔም ዶሮ እንዲሁ ናት።»

ረቡዕ፣ ያው ሣር።

ሐሙስ መብራት ሄደ።
አሮጌው ማይክሮስኮፕ ከመደርደሪያ ወረደ፣
በእግሩ ሥር ባለች መስታወት ፀሐይ የሚለቅመው።
ወደ መስኮቱ አስጠጋሁት። አንድ ዓይኔን ጨፍኜ ሳየው፣

ስስ ልባስ፣ ውስጡ ለአራት የተከፈለ፤
መንጠቆ ትል ነው፤ የዳኛውን ድድ ያነጣው፣ ደሙን ሲመጥ የከረመ።
ይህንንስ ጠርጥሬ ነበር።
ከጎኑ ግን ሌላ፤ ክብ፣ ልቡ የጠቆረ፣
ቅርፊቱ እንደ ኮክ ፍሬ ዐጥንት የተቦረቦረ።
አንድ። ሁለት። በአንድ እይታ ሰባት።
የውሻ ወስፋት።

«ጋሽ አራጋው፣ ግቢው ውስጥ ትንሽ ልጅ አለ?»
ሳቃቸው ካፖርታቸው ውስጥ ገባ።
«የልጄ ልጅ አለች፣ ጦይባ።
ከዳኛው ጋር አንድ ጥላ ሥር ትውላለች።
አፈር ትበላለች፤ ስንቆጣት
ለሱም ታካፍላለች።»

የውሻውን መድኃኒት ጻፍኩ። በክብደቱ፣ ደግሞ ከሁለት ሳምንት በኋላ።
ስለ እጅ መታጠብ ነገርኳቸው፣ ስለ ግቢው፣ ስለ አካፋ።
ራሳቸውን ነቀነቁ። የሰሙ አልመሰለኝም።

አርብ፣ በሩ ሳይከፈት ቆመው አገኘኋቸው።
ሌላ የክብሪት ቀፎ።
በሰማያዊ እስክሪብቶ፣ ፊደሉ እየተንጋደደ፣ «ጦይባ»።

እንዴት ብዬ ልንገራቸው?
ይህ ቤት የከብትና የውሻ ነው፤ ግን እሱ አይደለም ነገሩ።
ይህ ትል በልጅ ገላ ውስጥ መንገድ ይጠፋዋል፤
አያድግም፣ አይጥልም፣ ሲንከራተት ይኖራል፤
ጉበት ያንኳኳል፣ ዓይን ያንኳኳል።
በስኳር ውሃ አይንሳፈፍም።
ሰኞም ማክሰኞም ቢመጣ፣ ቀፎው ዝም ነው።
ሃያ ዓመት የቀለድኩበት ቃል
ዞሮ እኔው ጉሮሮ ላይ ቆመ፦
ለካ ሆድ ይፈጃል።

«በደም ነው የሚታየው» አልኩ። «ደሴ፣ ሆስፒታል ይውሰዷት።»
ለሐኪሙ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ እጄ ዛሬ ለምን እንደሚያምር እንጃ።

ጋሽ አራጋው ቀፎውን ወደ ጓሮ ወስደው ደፉት፣
ከቧንቧው ሥር አጠቡት፣ በካፖርታቸው ጫፍ አደረቁት።
ደብዳቤዬን አራት፣ ስምንት አጠፉት፣
እዚያው ቀፎ ውስጥ ከተው፣ ላስቲኩን መልሰው፣
በግራ ኪሳቸው።

ውጭ፣ ከአጥሩ ጋር የታሰረው ዳኛው
ወደ ደሴ የሚወጣ ሚኒባስ ላይ ይጮኻል።